ውሃ ከመንገድ ጋር በምን ይነጻጸራል? የአንድ አማካሪ ድርጅት አገልግሎት እንዴት ነበር

እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ። የምኖረው ከኮምቦልቻ ብዙም በማትርቅ ትንሽ ከተማ ነው። ባለፈው ዓመት ማዘጋጃ ቤታችን አዲስ የቆሻሻ መጣያ ቦታ መፈለግ ግድ ሆነበት። አሮጌው ሞልቷል። ክረምት በመጣ ቁጥር ፌስታሉም ጨርቁም በጎርፍ ታጥቦ አስፋልት ላይ ይወጣል። ስለዚህ አንድ አማካሪ ድርጅት ተቀጠረ። ሥራው የአካባቢና የማኅበራዊ ተፅዕኖ ግምገማ ማካሄድ፣ ከቀረቡት ሦስት ቦታዎችም የተሻለውን ለይቶ ማሳየት ነበር። ነዋሪውን ወክለን ከአጥኚዎቹ ጋር የተቀመጥነው ዘጠኝ ነን። እኔን "ቲቸር ቁጥር ያውቃል" ብለው መረጡኝ።

ሥራው አልቋል፤ ሪፖርቱም ገብቷል። አሁን ደብተሬን ገልጬ አገልግሎቱ ምን እንደሰጠን፣ የት ላይ እንደጎደለ ልጻፍ። ነገ የእናንተ ከተማ ወይም ወረዳም እንዲህ ያለ ጥናት ሊያሠራ ይችላል። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም።

መጀመሪያ የተገዛው ነገር ምን እንደሆነ ልናገር። "ባለብዙ መስፈርት የውሳኔ ስልት" ይሉታል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ የምናውቀው ነው። ገበሬ በሬ ሲገዛ ጥርሱን ያያል፣ ሽንጡን ይዳብሳል፣ ጠባዩን ይጠይቃል፣ በዋጋው ይከራከራል። አንዱን ከሌላው እያመዛዘነ በልቡ ይወስናል። ይህ ስልት በልብ የሚደረገውን ምዝና ወረቀት ላይ ያወጣዋል። መስፈርቶቹ ይዘረዘራሉ። ለእያንዳንዱ መስፈርት ክብደት ይሰጠዋል። እያንዳንዱ ቦታ በእያንዳንዱ መስፈርት ነጥብ ያገኛል። ነጥቡ በክብደቱ ይባዛል፣ ይደመራል፣ ደረጃ ይወጣል።

ከዚህ በፊት ያየኋቸው የተፅዕኖ ጥናቶች እንዲህ አልነበሩም። "ከፍተኛ"፣ "መካከለኛ"፣ "ዝቅተኛ" የሚሉ ቃላት የሞሉበት ሰፊ ሠንጠረዥ ነው የሚቀርበው። የዚህ ዓይነቱ ሠንጠረዥ ታሪክ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሉና ሊዮፖልድና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ ያወጡት 100 የሥራ ዓይነቶችን ከ88 የአካባቢ ጉዳዮች ጋር ያገናኝ ነበር። 8,800 ሳጥን ማለት ነው። ሳጥኑ ይሞላል። "ታዲያ የቱ ይሻላል?" ሲባል ግን መልሱ አጥኚው ልብ ውስጥ ነው። እኔ ከአዲሱ ስልት የወደድኩት ይህንን መለወጡን ነው። ክብደቱ ስለሚጻፍ ልትከራከረው ትችላለህ።

የእኛ ድርጅት የተጠቀመው ኤኤችፒ (አናሊቲክ ሃይራርኪ ፕሮሰስ) የሚባለውን ነው። ስልቱን በ1970ዎቹ ያወጣው ቶማስ ሳቲ የሚባል የሒሳብ ሊቅ ነው። የተወለደው ኢራቅ፣ ሞሱል ነው። አሜሪካ ውስጥ በጦር መሣሪያ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ሠርቷል። የስልቱ ፍሬ ነገር ሁለት ሁለቱን ማነጻጸር ነው። ሰባት መስፈርት አንድ ላይ ደርድሮ "ክብደት ስጡ" ቢሉት ሰው ይደናገራል። "ከእነዚህ ከሁለቱ የቱ ይበልጣል? በስንት እጥፍ?" ቢሉት ግን ይመልሳል። መልሱ ከ1 እስከ 9 ነው። 1 እኩል ናቸው ማለት ነው፤ 9 ደግሞ አንደኛው እጅግ በጣም ይበልጣል።

ይህን ለእኛ ያስረዳችን አንዲት ወጣት ባለሙያ ነበረች። እሷን ማመስገን አለብኝ። ፕሮጀክተሩን ዝግጁ አድርጋ ስትጀምር መብራት ጠፋ። አልተደናገጠችም። ሁለት የቡና ሲኒ ከጀበናው አጠገብ አነሳችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከገበያ አንድ ኪሎ ማሾ አስመጣች። "ይሄኛው ሲኒ ከውሃ መራቅ ነው፤ ያኛው ከመንገድ መቅረብ ነው። እኩል ናቸው ካላችሁ አንድ አንድ ፍሬ ጨምሩ። አንዱ ይበልጣል ካላችሁ እዚያ ውስጥ እስከ ዘጠኝ ጨምሩ" አለች። ከዚያ ወዲያ ማንበብ የማይችሉት አባቶች ሳይቀሩ ገቡበት። ማሾ የሚያመርት ሰው ማሾ መቁጠር አያቅተውም። ፕሮጀክተሩ ባይኖር ምንም አልጎደለብንም። ለዚህ ክፍል ከአምስት አምስት እሰጣለሁ።

ችግሩ የቀን አመራረጡ ላይ ነበር። ይህን የማሾ ስብሰባ ያደረጉት በገበያ ቀን ነው። የመጣው ማን ነው? የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች፣ ነጋዴዎች፣ ባለመኪናና ባለባጃጅ፣ ሽማግሌዎች። ሴቶች ሁለት ብቻ። ውሃ የሚቀዳው ግን ማን ነው? ከሦስቱ ቦታዎች አንዱ ምንጩ ከሚፈልቅበት ተዳፋት በላይ ነው። ምንጩ ወደ ቦርከና ወንዝ ይወርዳል። ቦርከና ወደ ጨፋ ረግረግ ይገባል። በጋ ላይ አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ አርጎባውም ከብቱን ይዞ የሚወርደው ጨፋ ነው። ከዚያ ወዲያ አዋሽ ነው። እኛ ላይኛው ላይ የጣልነው ታች ያለው ሰው ጋ ይደርሳል።

በማግስቱ ቅሬታ አቀረብን። እኔ ሁለት ነገር ይዤ ሄድኩ። አንደኛው ሕገ መንግሥቱ ነው። አንቀጽ 92 ሕዝብ በቀጥታ በሚነኩት የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮግራሞች ላይ ሐሳቡን እንዲገልጽ መብት ይሰጣል። ሁለተኛው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ዐዋጅ ቁጥር 299/1995 ነው። የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። ባለሙያዋ አልተከራከረችም። የቡድን መሪዋ ግን "ለሁለተኛ ስብሰባ የአበል በጀት የለንም" አለ። አበል የማይቀበሉ ሴቶች እናመጣለን አልነው። አሥራ አራት መጡ። በአንዲት እናት ግቢ፣ በዋርካ ጥላ ሥር ተቀመጥን። በዱአ ተጀመረ፤ ቡናው ተፈላ። አቦሉ ሳያልቅ ሥራው ተጀመረ።

እዚህ ላይ ነው የጥናቱ ትልቁ ጉዳይ የወጣው።

ባለሙያዋ ሁለቱን ሲኒ አቀረበችና አንዲት አዛውንት ጠየቀች። "እናቴ፣ ቦታው ከውሃ መራቁ ይበልጣል ወይስ ለመንገድ መቅረቡ? በስንት?" አዛውንቷ ማሾውን አልነኩትም። "ልጄ፣ ውሃ ከመንገድ ጋር በምን ይነጻጸራል? መንገድ ቢዘጋ በሌላ እንዞራለን። ውሃው ቢበላሽ ወዴት እንዞራለን?" አሉ። ሴቶቹ በአንድ ድምፅ "እውነት ነው" አሉ። ባለሙያዋ ትንሽ አሰበችና 9 ብላ ጻፈች። ሌሎቹ ደግሞ እንደየራሳቸው ጨመሩ፤ የቡድኑ መልስ 7 ገደማ ሆነ።

ቤቴ ገብቼ ስለዚህ ሳስብ አመሸሁ። አዛውንቷ 9 አላሉም። አላነጻጽርም ነው ያሉት። እነዚህ በጣም ይለያያሉ። በማባዛትና በመደመር ስትሠራ አንዱ መጥፎ ነጥብ በሌላ ጥሩ ነጥብ ይካካሳል። ምንጭ የሚበክል ቦታ ለአስፋልት ቅርብ ስለሆነ፣ መሬቱም ርካሽ ስለሆነ ሊያሸንፍ ይችላል። ክብደቱን ከፍ ብታደርገውም መካካሱ አይቀርም። አንዳንድ ነገር መካካስ የለበትም። የስልቶቹ ባለቤቶችም ይህን ያውቃሉ። ፈረንሳዊው በርናርድ ሩዋ በጀመራቸው ኤሌክትር በሚባሉት ስልቶች ውስጥ "ቬቶ" የሚባል ገደብ አለ። አንድ አማራጭ በአንድ መስፈርት ከሌላው አማራጭ ከልክ በላይ ካነሰ፣ በሌሎቹ መስፈርቶች የቱንም ያህል ቢያምር ከዚያ አማራጭ ይሻላል አይባልም። በኤኤችፒም ቢሆን መፍትሔው ቀላል ነው። ነጥብ ከመስጠት በፊት ማጣሪያ ይቀመጣል፤ ምንጭ የሚነካ ቦታ ከውድድሩ ይወጣል። ድርጅቱ ይህን አላደረገም። የእኔ ዋናው ቅሬታ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ቅሬታዬ የሁለቱን ስብሰባ መልስ ያዋሃዱበት መንገድ ነው። የመጀመሪያው ስብሰባ፣ የአዳራሹ ቡድን፣ መንገድ ከውሃ 5 እጥፍ ይበልጣል ብሏል። ሴቶቹ ውሃ ከመንገድ 7 እጥፍ ይበልጣል ብለዋል። ስልቱ እንደሚያዘው ጂኦሜትሪክ አማካይ ተወሰደ። 7ን በአንድ አምስተኛ አባዙና ስኩዌር ሩቱን አወጡ። 1.18 መጣ። "ሁለቱ እኩል ናቸው ለማለት ትንሽ የቀረው" ማለት ነው። ስሌቱ ልክ ነው፤ እኔም ሠርቼዋለሁ። ነገር ግን በሁለቱም ስብሰባ እኩል ናቸው ያለ አንድም ሰው አልነበረም! ሁለት ጎራ ነበር፤ አማካዩ ሁለቱንም አጠፋቸው። በእኛ አገር እንዲህ ዓይነት ልዩነት ሲመጣ ሽማግሌ ይቀመጣል እንጂ በሁለት አይካፈልም። ሪፖርቱ ልዩነቱን በግልጽ ማሳየት ነበረበት፤ የነጋዴው ክብደት ይኸው፣ የውሃ ቀጂዎቹ ይኸው ብሎ።

ስለ ድካም ደግሞ ልናገር። መጀመሪያ የመጡት ሰባት መስፈርት ይዘው ነው። ከውሃ ርቀት፣ ከመኖሪያ ርቀት፣ ከመንገድ ርቀት፣ የማጓጓዣ ወጪ፣ የአፈር ዓይነት፣ የመሬቱ ተዳፋትነት፣ የካሳ ወጪ። ሰባት መስፈርት ሁለት ሁለት ሲነጻጸር 21 ጥያቄ ይሆናል። አዳራሹ ውስጥ አሥራ አምስተኛው ጥያቄ ላይ ሰዉ "ሦስት በለው፣ ሦስት በለው" ማለት ጀመረ። እዚህ ላይ ስልቱ አንድ ጥሩ መቆጣጠሪያ አለው፤ መልስህ እርስ በርሱ የሚጋጭ መሆን አለመሆኑን ይለካል። አንድ ባለባጃጅ ውሃ ከመንገድ 3 እጥፍ ይበልጣል፣ መንገድ ከካሳ 2 እጥፍ ይበልጣል አለ። እንግዲህ ውሃ ከካሳ 6 እጥፍ መብለጥ ነበረበት። ሲደክመው ግን ካሳ ከውሃ 2 እጥፍ ይበልጣል ብሎ አረፈ። የግጭቱን መጠን በወረቀት ሠራሁት፤ 0.63 ገደማ ወጣ። ተቀባይነት ያለው እስከ 0.10 ነው። ባለሙያዋም ይህን በኤክሴሏ አይታ ስለነበር እንደገና ጠየቀችው። አስተካከለ። ይህ ቁጥጥር ባይኖር የደከመ ሰው መልስ ቦታ ይመርጥልን ነበር።

ሰባቱን ወደ ስድስት ያወረድነው እኛ ነን። ከመንገድ ርቀትና የማጓጓዣ ወጪ አንድ ነገር ናቸው። መንገዱ ቅርብ ከሆነ ማጓጓዣው ይረክሳል። ሁለቱን ለያይቶ ማስገባት መንገድን ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው። ይህን ስናነሳ ወዲያው ተቀበሉን፣ ጥያቄውም ከ21 ወደ 15 ወረደ።

የካሳ ወጪ ላይ ግን ብዙ ተከራከርን። ከሦስቱ ቦታዎች አንዱ የወል ግጦሽ ነው። በሠንጠረዡ ላይ የካሳ ወጪው ዜሮ ተብሎ ተሞልቶ ነበር፤ የማንም ይዞታ ስላልሆነ። ለሒሳቡ ርካሽ ነው። ነገር ግን እዚያ ሜዳ ላይ ኩበት ለቅማ የምትሸጥ እናት አለች። መሬት የሌለው ወጣት ሁለት በግ የሚያሰማራው እዚያ ነው። ባለይዞታ ካሳ ያገኛል፤ እነሱ በሠንጠረዡ ላይ የሉም። የሁሉም የሆነ ነገር የማንም እንዳልሆነ ተቆጠረ። በክርክር "የኑሮ መሠረት መጥፋት" የሚል ነጥብ ከካሳው ጋር እንዲጨመር አደረግን። የማኅበራዊ ተፅዕኖ ባለሙያ ተብሎ የመጣው ሰው ይህን ከእኛ መስማት አልነበረበትም። አንድ ቀን ሜዳው ላይ ቢውል ያየው ነበር።

አሁን ወደ ውጤቱ። ሦስቱ ቦታዎች አሮጌው የድንጋይ ካባ፣ ከምንጩ በላይ ያለው ተዳፋትና የወል ግጦሹ ናቸው። የሦስቱ ነጥብ ሲደመር 1 ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ ተዳፋቱ 0.36 አመጣ። ካባው 0.34፣ ግጦሹ 0.30። ረቂቁ "ተዳፋቱ ተመርጧል" ብሎ በደማቅ ጽፎ ነበር። የመስፈርቶቹም ክብደት ሲደመር 1 ነው፤ የውሃ ክብደት በዚህ ስሌት 0.20 ነው።

የ0.02 ልዩነት! ተማሪዬ በዚህ ልዩነት ላይ ተመሥርቶ ድምዳሜ ቢጽፍልኝ እመልሰዋለሁ። የኤክሴል ፋይሉን ጠየቅሁ። ለመስጠት ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው። ሲመጣ የውሃውን ክብደት ብቻ እየቀያየርኩ ሠራሁት፤ የሌሎቹ ክብደት እርስ በርስ ያለው ድርሻ እንዳለ ሆኖ። ውሃ 0.30 ቢሆን ካባው 0.37፣ ተዳፋቱ 0.33 ይሆናል። ደረጃው የሚገለበጠው ደግሞ 0.23 አካባቢ ነው። ከ0.20 እስከ 0.23 ድረስ ስንት ፍሬ ማሾ ነው? ጥቂት ሰው ሐሳቡን ትንሽ ቢቀይር የቆሻሻው ቦታ ይቀየራል ማለት ነው። ይህን ምርመራ መሥራት የእነሱ ድርሻ ነበር። ክብደቱን ከፍ ዝቅ አድርጎ ውጤቱ ይጸና እንደሆነ ማሳየት የዚህ ስልት ሀሁ ነው። ያለዚያ ቁጥሩ ጥናት ለመምሰል ብቻ ይሆናል።

ውጤቱን ይዘን ሄድን። ለድርጅቱ ክብር ይህን እመሰክራለሁ፤ አልተቆጡም፣ አላድበሰበሱም። ወጣቷ ባለሙያ ፋይሉን ከፍታ ከእኔ ጋር መስመር በመስመር ሄደች። "ልክ ነህ ቲቸር፣ ይሄ መግባት ነበረበት" አለች። በመጨረሻው ሪፖርት የሁለቱ ቡድን ክብደት ለየብቻ ተቀምጧል። የክብደት ለውጥ ሠንጠረዥም አለ። ካባው አንደኛ ሆኗል፤ ድንጋዩ የተሰነጣጠቀ ስለሆነ ግን ሥሩ በሸክላ አፈርና በማያሳልፍ ፕላስቲክ ሳይለበጥ አገልግሎት እንዳይጀምር ተጽፏል። ይህ ጥሩ ነው። የካርታ ርቀት ብቻውን አይበቃም፤ ከቆሻሻ የሚንጠባጠብ ፍሳሽ ወደ ታችም ይሄዳል።

ያልተስተካከለው ተዳፋቱ ነው። አልወጣም። "ሁለተኛ ተጠባባቂ" ተብሎ ተቀምጧል። ለካባው ልባስ ገንዘብ ከጠፋ ነገ ወደ ተጠባባቂው መሄዳቸው አይቀርም ብለን እንሰጋለን። ዘጠኛችንም ፈርመን ተቃውሞ አስገባን፤ ደብዳቤያችን ከሪፖርቱ ጋር ተያይዟል።

ሌላው ባጭሩ። አራት ወር የተባለው ሥራ ሰባት ወር ፈጀ። ሪፖርቱ ወፍራም ነው፤ የአማርኛው ማጠቃለያ ግን ስድስት ገጽ ብቻ ነው፤ ቁጥሮቹም የሉበትም። ቁጥሮቹ ያሉበትን ክፍል እኔና ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ተርጉመን ለጥፈነዋል። ካርታዎቹ ያምራሉ፤ የአካባቢው ሰው የሚጠራቸው የቦታ ስሞችም በትክክል ተጽፈዋል።

በአጠቃላይ ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጣለሁ። ስልቱን እንደገና ግዙ ብባል እገዛለሁ፤ ሰው ሁሉ ክብደቱን አይቶ የተከራከረበትን ሌላ ጥናት አላውቅም። ስትዋዋሉ ግን ውሉ ውስጥ እነዚህን አስገቡ። የማይካካሰው ነገር መጀመሪያ ተለይቶ ይጣራ። ሴቶች ለብቻ፣ ከገበያ ቀን ውጭ ይሰብሰቡ። የቡድኖች ልዩነት በአማካይ አይሸፈን። የክብደት ለውጥ ምርመራ በረቂቁ ላይ ይኑር። የኤክሴል ፋይሉ ከሪፖርቱ ጋር አብሮ ይሰጥ። ይኼኛውን በተለይ አትርሱ፤ እኛ ፋይሉን ባናገኝ ኖሮ ዛሬ ከምንጩ በላይ ቆሻሻ ይደፋ ነበር።

የእኛን ፋይል ማየት የሚፈልግ የኮሚቴ አባል ካለ ግልባጩ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ተቀምጧል። ፍላሽ ይዛችሁ ኑ። ቅዳሜ ከሰዓት እኔም እዚያው ነኝ፤ ስሌቱን አብረን እንሠራዋለን። ማሾውም አለ።